ውሃው በየት በኩል ይሄዳል?

ይህን ታሪክ የምጽፈው ለማስተማር ነው ብዬ በኩራት ብጀምር ደስ ባለኝ። በውሃ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ፣ ማኅተሙን በኮቱ ኪስ ይዞ የሚዞር ሰው ሌላውን ቢመክር ነውር የለበትም። ሰውም «ጋሼ ማኅተም» ነው የሚለኝ። ችግሩ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላም ግማሹ እስካሁን አልጠራልኝም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እኔ ግራ በተጋባሁበት ቦታ አንተም ትንሽ ግራ ተጋባ፤ የገባኝን ደግሞ ሲገባኝ እነግርሃለሁ።

ዕለቱ ሰኞ ነው። ቢሮዬን ልከፍት ኪሴን ስዳብስ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለችው አንድ እግሯ አጭር በሆነ አግዳሚ ወንበር አንዲት አሮጊት ተቀምጠው አየሁ። እግራቸው ሥር ቢጫ ጀሪካን አለ፤ አፉ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ታስሯል።

«እንደምን አደሩ እማማ? ማንን ፈልገው ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኢንጅነሩን ነበር።»

«ለምን ጉዳይ?»

«አልፈርምም ልለው።»

ያኔ አወቅኳቸው። እኚህ ሴት መልካቸውን ሳላይ አራት ወር ሙሉ ያማረርኳቸው ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማችን በላይ ባለው ሸለቆ አርባ ሁለት አባወራዎች ይኖራሉ። ከተማው ሳይቆረቆር፣ መንገዱ ሳይወጣ እዚያው የነበሩ ናቸውና ነባሮቹ እንላቸዋለን። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። እኛ ዘንድ ሲመጡ በእኛ ቋንቋ ያናግሩናል፤ እኛ እነሱ ዘንድ ስንሄድም እንዲሁ በእኛው ቋንቋ ነው የምናናግራቸው። የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ምንጩን የሚጠብቁት እኚሁ አሮጊት ስለሆኑ እማማ ምንጭ ይባላሉ። ጽሕፈት ቤታችን ባለፈው በጋ ስድስት መጸዳጃ ቤትና በሞተር የሚሳብ የውሃ ጉድጓድ ሠራላቸው። የቀረው ርክክብ ብቻ ነው። እማማ ምንጭ ነባሮቹን ወክለው በወረቀቱ ላይ ጣታቸውን ካሳረፉ መጸዳጃ ቤቱም ቧንቧውም ይከፈታል፤ ምንጩ ግን «ሁለት የውሃ ቦታ መቆጣጠር አይቻልም» ተብሎ በሲሚንቶ ይደፈናል። አንዴ ከተደፈነ ደግሞ ማን መልሶ ይከፍተዋል? ርክክቡ ሐሙስ ነው።

ኢንጅነሩ የእህቴ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና ቢሮዬ ሳይገቡ ልቤ ለእሱ አድልቷል።

«ይግቡ እማማ፣ እሱ እስኪመጣ እኛ እንጫወት» ብዬ ወንበር ሰጠኋቸውና ምክሬን ጀመርኩ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «እማማ፣ በዓይን የማይታዩ፣ ነገር ግን ሰውን የሚጥሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ከዓይነ ምድር ተነሥተው...»

«ጀርም ነው የምትለኝ?» አሉ።

«እ... አዎ። ጀርም።»

«የልጄ ሚስት ጤና ጣቢያ ተምራ መጥታ ነግራናለች። ውሃ እናፈላለን፤ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። አንተስ ወንድሜ፣ ከሽንት ቤት ስትወጣ ትታጠባለህ?»

የኮሪደራችን ሽንት ቤት ቧንቧው ከተሰበረ ስድስት ወሩ ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤት ነን እንግዲህ። መስኮቱን ከፈት የማድረግ ሥራ አገኘሁና ተነሣሁ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ካወቁ» አልኩ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ «መጸዳጃ ቤቱን ለምን ጠሉት?»

«ማን ጠላው? እኛ ሴቶቹ ከቀዩ አለት ማዶ ድረስ ቁልቁል እንወርዳለን። ባለፈው ክረምት የልጄ ሚስት ነፍሰ ጡር ሆና ጭቃው አንሸራቷት ክንዷ ወልቋል። መጸዳጃ ቤቱንማ እንፈልገዋለን። እዚያ ቦታ መሆኑን ነው ያልፈለግነው።»

«ለምን?»

«ውሃው ይሄዳላ።»

«በየት በኩል?»

«ከሥር።»

እንግዲህ ግራ መጋባቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። መጸዳጃ ቤቶቹ የቆሙበት ሜዳ ደረቅ ነው። እኔ ራሴ ሄጄ ጫማዬ አቧራ ለብሶ ተመልሻለሁ። ውሃ ሲሄድ አላየሁም። ግን ሴትዮዋ የሚያወሩት በሕልም ያዩትን የሚመስል ወሬ አይደለም፤ አውቶቡስ በየት በኩል እንደሚያልፍ እንደሚነግሩ ሁሉ ረጋ ብለው ነው የሚነግሩኝ።

«ይሄን ለጽሕፈት ቤቱ ተናግረው ያውቃሉ?»

«ሦስት ጊዜ። የሚጽፍ ሰው መጣ፤ ጽፎ ሄደ።»

መዝገቡን አወጣሁት። ሦስቱም ወረቀት አለ። «ነዋሪዎቹ ውሃ ከሥር ይሄዳል ብለው ያምናሉ» ይላል። ግርጌው ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ልማዳዊ እምነት፤ ምላሽ አያስፈልገውም» ተብሎ ተጽፏል፤ ማኅተምም አርፎበታል። ማኅተሙ የእኔ ነው። የእጅ ጽሑፉም የእኔው ነው።

«ምን ይላል?» አሉ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው።

«ደርሶናል ይላል» አልኩ። በሽምግልናዬ ዋሸሁ! መዝገቡን ቶሎ ዘጋሁት።

በዚህ መካከል ኢንጅነሩ እየተጣደፈ ገባ። እጅ ነሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ አስተዳደጉን የምታውቅ እህቴ ብታየው ደስ ይላት ነበር። ነገር ግን ገና ወንበር ሳይስብ ክርክሩ ተጀመረ።

«እማማ» አለ፣ «እኔ ለእርስዎ ክፉ አላስብም። እናቴ ማለት ነዎት። ግን ለቦታው ጥናት ተደርጓል። አፈሩን ቆፍረን አይተናል፤ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ጠብታ የለውም።»

«መቼ ነው የቆፈራችሁት?»

«በበጋ።»

«በበጋማ እኔም ብቆፍር አላገኝም። እሱ የሚሄደው ሲዘንብ ወይም ውሃ ሲፈስበት ነው።»

«እሺ፣ ይሄዳል እንበል። ወደ ምንጩ እንደሚሄድ በምን ያውቃሉ?»

እማማ ምንጭ የጀሪካኑን ጨርቅ አጠበቁ። ለመናገርና ላለመናገር ሲያመነቱ አየሁ። በኋላ ግን እንዲህ አሉ፦

«እኛ ዘንድ ከምንጩ በላይ ማንኛውም ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የከብት ማደሪያም ይሁን የእህል ጉድጓድ፣ መራራ ቅጠል ቀቅለን እናፈስበታለን። ከዚያ ምንጩን ጠዋት ማታ እንቀምሳለን። ከመረረ ጉድጓዱ ይደፈናል። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ እናቷም። የእናንተ መጸዳጃ ሲቆፈር እኔ ዘጠኝ እንስራ አፈሰስኩበት። በሦስተኛው ቀን ምንጩ መረረ።»

«ይሄን ለምን አልተናገሩም ታዲያ?» አልኩ ሳላስበው ጮኽ ብዬ።

«ማን ጠየቀኝ? ያ ጽሑፍ ይዞ የመጣው ልጅ ‹ተቃውሞ አላችሁ ወይ› አለ፤ አለን አልኩ። ‹ምክንያቱ› አለ፤ ውሃው ይሄዳል አልኩ። ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።»

ኢንጅነሩ ፈገግ አለ። መጥፎ ፈገግታ አልነበረም፤ ግን ከፊታቸው ባይሆን ይሻል ነበር። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምላስ መሣሪያ አይደለም። ሰው ይመረኛል ብሎ የጠበቀው ነገር ይመረዋል። እኛ ትምህርት ቤት የምንሠራው በቀለም ነው። ቀይ ዱቄት አለ፤ ውሃ ሲነካው ቦግ ያለ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰውንም አይጎዳም። አንድ ቦታ አፍስሰን ሌላ ቦታ እንጠብቀዋለን።»

«እንዴ!» አልኩ፣ «አንተ ቀለም ታፈሳለህ፣ እሳቸው መራራ ቅጠል ያፈሳሉ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ልዩነቱ ጋሼ፣ ቀለም ይታያል።»

«መራራስ አይቀመስም?» አሉ እማማ ምንጭ።

አንባቢዬ፣ እኔ በዚህ ሰዓት የማን ወገን እንደሆንኩ ጠፍቶኛል። እሱ ሲናገር አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ እሳቸው ሲናገሩም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሁለቱም አንገቴን አይተው ተስፋ ሳይቆርጡብኝ አልቀሩም።

በመጨረሻ ተስማሙ። ቀለሙ ዛሬውኑ በመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ይፈስሳል። እስከ ሐሙስ ጠዋት ምንጩ አረንጓዴ ከሆነ ኢንጅነሩ ርክክቡን ያስቆማል። ካልሆነ እማማ ምንጭ ይፈርማሉ፤ ምንጩም ይደፈናል።

«ቃልዎ ነው?» አለ።

«እኔ ሁለት አፍ የለኝም» አሉና ጀሪካናቸውን ሊያነሡ አጎነበሱ። እኔ ተሽቀዳድሜ አነሣሁት። የምንጩ ውሃ ነበር፤ ለኢንጅነሩ ሊያስቀምሱት ነው ለካ ያመጡት።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሸለቆው ገባን። ስድስቱ መጸዳጃ ቤቶች በሜዳው ላይ ተርታቸውን ቆመዋል፤ ቆርቆሯቸው ያብረቀርቃል፤ በራቸው በሽቦ ታስሯል። ከእነሱ በታች መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የውሃ ጉድጓዱና የሞተሩ ቤት አለ። ከዚያም በታች፣ ከአለት ሥር፣ ምንጩ። ኢንጅነሩ ዱቄቱን በሁለት ባልዲ በጥብጦ በመጀመሪያው መጸዳጃ ጉድጓድ ገለበጠው፤ በላዩ ሃያ ጀሪካን ውሃ አስከተለ። ልብሱ፣ እጁ፣ የጫማው ክር ሳይቀር አረንጓዴ ሆነ።

«ወይ ጉድ» አሉ እማማ ምንጭ፣ «ሚስትህ ምን ትልህ ይሆን?»

«አላገባሁም እማማ።»

«እንዲህ ሆነህ ከዞርክማ አታገባም።»

ምንጩ ጋ ስንደርስ የልጃቸው ሚስት ልጇን አዝላ ነጭ የብረት ሳህን እያጠበች ነበር። ጠዋት ማታ በሳህኑ ውሃ እየቀዳች ቀለሙን የምታየው እሷ እንድትሆን ተደረገ። ኢንጅነሩ ጎንበስ ብሎ የውሃውን መውረጃ አየ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ቀጭን ነው?»

«አይደለም» አለች እሷ፣ «ከአምስት ሳምንት ወዲህ ነው የቀጠነው። እማማ ደግሞ ተቆጥቶ ነው ይላሉ።»

«ተቆጥቶ?» አለ ኢንጅነሩ ወደ እኔ እያየ። ያ ፈገግታ ተመልሶ መጣ። እኔም፣ አይፈረድብኝ፣ ትንሽ ፈገግ አልኩ። የቀጠነበትን ምክንያት ለመጠየቅ ግን ሁለታችንም አልቆምንም።

ስንመለስ ኢንጅነሩ ሌላ ነገር አነሣ፤ ይኸኛውስ ትክክል ነበር። «እማማ፣ ይሄን የቅጠሉን ነገር ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«ማንም። በእኛ ቤት ነው የሚተላለፈው።»

«ነገ አንድ ነገር ቢሆኑስ? አርባ ሁለት አባወራ የሚጠጣውን ውሃ ነገር አንድ ቤት ብቻ ይዞት ይቀመጣል? የልጅዎ ሚስት እንኳ አታውቅም!»

«የልጄ ሚስት ከሌላ ቤት ናት።»

«ውሃውን የምትቀዳው ግን እሷ ናት።»

 እኔም ከራሴ ጋር የቆየ ሒሳብ ነበረኝና፣ መንገዱ ላይ ቆም አልኩ። «እማማ፣ ያ ወረቀት ደርሶናል አይልም» አልኩ። «ልማዳዊ እምነት ነው፣ መልስ አያስፈልገውም ይላል። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መልሱ ሲዘገይብኝ ትልቅ ሰው እያጠናው ነው ብዬ ነበር።»

ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። 

ማክሰኞ ምንጩ እንደጠራ ዋለ። ረቡዕ ከሰዓት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ፤ ቆርቆሮውን ደበደበው፣ ሜዳውን አረሰረሰው። ኢንጅነሩ ጥፍሩን ሲነክስ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት አራታችንም ምንጩ ጋ ቆምን። ምራቲቱ በነጩ ሳህን ቀዳችና በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የሳህኑ ግርጌ፣ የሳህኑ ዝገት፣ አንዲት የሣር ስባሪ ታየን። ውሃው ጥርት ያለ ነው።

«እንደገና ቅጂ» አሉ እማማ ምንጭ።

ቀዳች። ጥርት ያለ ነው።

እማማ ምንጭ በእጃቸው ጨለፍ አድርገው ቀመሱት። አንዴ፣ ሁለቴ።  «አሁንማ ምላሴም አርጅቷል» አሉ። «ያኔም አልመረረ ይሆናል። ፈርቼ ይሆናል የመረረኝ።»

የእህቴ ልጅ አሸንፏል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ኢንጅነሩም እንደ አሸናፊ አልሆነም፤ ጠጋ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። «እማማ፣ እርስዎ አላጠፉም። ለሰው ብለው ነው የተጨነቁት። ከእንግዲህ ግን ያርፋሉ። ውሃው ደጃችሁ ድረስ ይመጣል።»

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «ወረቀቱን አምጣ።»

ወረቀቱ ያለው ሞተሩ ቤት ነው። ጠባብ ክፍል ናት፤ የሲሚንቶ ሽታ አላት፤ ግድግዳው ላይ የቦታውና የቧንቧው ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሞተሩ አጠገብ ባለ ባዶ በርሜል ላይ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የቀለም መርገጫውን ከኪሴ አወጣሁ። የእማማ ምንጭን አውራ ጣት ይዤ መርገጫው ላይ ጫንኩት። ሰማያዊ ሆነ። ጣታቸው ሻካራ ነው፤ ቀዝቅዟል።

«ቆይ ጋሼ» አለ ኢንጅነሩ። «ሳይጠጡማ አይፈርሙም! የመጀመሪያዋ ብርጭቆ የእርስዎ ናት እማማ።» ከቦርሳው አዲስ ብርጭቆ አወጣ፤ ለዚህ ብሎ ገዝቶት ኖሯል የእኔ ልጅ። ሞተሩን አስነሣው፤ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈተ። ትንሽ አየር አስነጠሰ፣ ከዚያ ውሃ መጣ። ብርጭቆውን ሞላና ወደ በሩ ብርሃን ዘወር ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

አረንጓዴ ነበር።

መጀመሪያ የበሩ ቀለም ያስመሰለው መሰለኝ። በሩ ግን ግራጫ ነው። ኢንጅነሩ ብርጭቆውን ደፍቶ ደግሞ ሞላ። ቦግ ያለ አረንጓዴ። ከቧንቧው ሥር ያለው ሲሚንቶ ሳይቀር አረንጓዴ ሆኖ ሲሄድ ተመለከትን።  እማማ ምንጭ ሰማያዊ ጣታቸውን ከወረቀቱ በላይ እንደያዙ ቀሩ፤ እኔ ቀስ ብዬ ወረቀቱን ከሥሩ ሳብኩት።

«ምንጩ ንጹሕ ነው፤ ቧንቧው ቆሽሿል» አልኩ። «እኔ ምንም አልገባኝም። የገባው ካለ ይንገረኝ።»

ኢንጅነሩ ሞተሩን አጠፋና ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘፍ አለ። «እኔም አልገባኝም» አለ። ትምህርቱን ከጨረሰ ወዲህ ይሄን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

 ልጇን አዝላ በሩ ላይ የቆመችው ምራቲቱ ጠየቀች።

«ይሄ ሞተር መሥራት የጀመረው መቼ ነው?»

«ለሙከራ? በየቀኑ ማስነሣት የጀመርነው ከ... አምስት ሳምንት በፊት።»

«ምንጩም የቀጠነው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው።»

ኢንጅነሩ ቀና አለ። ከግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ገነጠለና መሬት ላይ አነጠፈው። «እማማ፣ ይቀመጡ። ውሃው ከሥር በየት በኩል ነው የሚሄደው ያሉት? ያሳዩኝ።» በአራት ወር ውስጥ እሱ ይሄን ጥያቄ ሲጠይቃቸው ገና አሁን ነው።

እማማ ምንጭ ሥዕሉ ላይ ተንበርክከው በሰማያዊ ጣታቸው መስመር ሳቡ። ከሜዳው ተነሥቶ፣ በተሰነጠቀው አለት ሥር አልፎ፣ ወደ ምንጩ። መስመሩ የሞተሩን ቤት ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው።

«ሞተሩ ጎትቶታል» አለ ኢንጅነሩ። «ወደ ምንጩ ይሄድ የነበረውን የእኛ የውሃ ጉድጓድ እየሳበ ወደ ራሱ አዙሮታል። እማማ፣ እርስዎ ሲቀምሱ በእርግጥ መሮዎት ነበር። ያን ጊዜ ሞተር የለም። አሁን ግን ያ መራራ የሚመጣው እዚህ ነው።»

«ስለዚህ መንገዱን አንተ አዞርከው።»

«አዎ። አላወቅኩም።»

«እኔ ደግሞ መዞሩን አላወቅኩም። ምንጩ ሲቀጥን ቁጣ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ይቺ ልጅ ቀኑን ሳይቀር ይዛዋለች፤ እኔ አልጠየቅኳት።» ወደ ምራታቸው ዞር አሉ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ማን ጠየቀኝ እማማ?» አለች።

አሮጊቷ ሳቁ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ። እኛም ሳቅን፤ ለምን እንደሳቅን ግን በውል አናውቅም። ሳቁ ሲያልቅ ኢንጅነሩ ሕፃኑን አየ። «ቢፈርሙ ኖሮ» አለ። «ዛሬ ምንጩ ይደፈን ነበር። አርባ ሁለት አባወራ፣ ይሄ ሕፃን፣ ሁሉም ከዚህ ቧንቧ ነበር የሚጠጣው። እኔ ደግሞ ፎቶ ተነሥቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።»

ርክክቡን የሚያዩት ኃላፊ በሦስት ሰዓት መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። የእህቴ ልጅ ከመናገሩ በፊት ብርጭቆውን አቀበላቸው። «ይህ ጥፋት የእኔ ነው» አለ። «ርክክብ የለም። ምንጩም አይደፈንም።» ኃላፊው ብርጭቆውን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ከዚያ እኔን። ምናልባት ከሥራ ይወጣ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እኔም ከመዝገቡ ነጥዬ በኪሴ የያዝኳቸውን ሦስቱን ወረቀቶች አወጣሁና «ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም» አልኩ። ማንበቡን ለእሳቸው ተውኩላቸው። ኃላፊው አንብበው ሲጨርሱ ኢንጅነሩን ከሥራ አላስወጡትም፤ እኔን ግን አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላሉኝም። ይገባኛል።

አሁን ወደ ምክሬ ልግባ፤ ቀድሞውንም የጀመርኩት ለዚያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሸለቆው የውሃና የንጽሕና ኮሚቴ ተቋቁሟል። ከሰባቱ አባላት አራቱ ነባሮቹ ራሳቸው የመረጧቸው ናቸው፤ ከአራቱም ሦስቱ ሴቶች። እነዚህ ሰዎች ሥራ ካለቀ በኋላ ጣት የሚያሳርፉ አይደሉም፤ ካስማ ከመተከሉ በፊት «እዚህ አይሆንም» ሲሉ ሥራው ይቆማል። ቦታ የሚታየው በበጋም በክረምትም ነው። ስብሰባው በእነሱ ቋንቋ ይካሄዳል፤ የሚተረጎመው ለእኛ ነው። መጀመሪያ ስገባ እንደ ደንቆሮ ተቀምጬ ዋልኩና እነሱ ስንት ዓመት እንዲህ እንደተቀመጡ ያኔ ገባኝ። የምንጩ ጠባቂነትም የአንድ ቤት መሆኑ ቀርቷል፤ እማማ ምንጭ ቅጠሉን ለአሥር ሴቶች አሳይተዋል፤ ምራታቸው ደግሞ ሞተሩን ማስነሣት፣ ማጥፋት፣ የውሃውን ከፍታ መለካት ተምራለች። ሞተሩ የሚሠራበትን ሰዓት የምትወስነው እሷ ስለሆነች ምንጩ እንደገና ወፍሯል። ያም ሆኖ ውሃ አፍልቶ መጠጣቱን አልተዉም። በእኛ ኮሪደር ያለውም ሽንት ቤት ተጠግኗል፤ ይሄ በማን ውትወታ እንደሆነ አልናገርም።

ባለሙያው ብቻውን ቢሆን ንጹሕ ቧንቧ ሠራሁ ብሎ ቆሻሻ ያጠጣቸው ነበር። አሮጊቷ ብቻቸውን ቢሆኑ ምንጩ እየቀጠነ ቁጣ ነው ብለው ይቀመጡ ነበር። እኔ ብቻዬን ብሆን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ዘግቼው ነበር። ሰውን ስለሚጠጣው ውሃ መጠየቅ ውለታ መዋል መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ ሳይጠይቁ መሥራት ግን ዓይንን ጨፍኖ መቆፈር ነው።

የቀረው መጸዳጃ ቤቶቹን ማዛወር ነበር። ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው ከቀዩ አለት ወዲህ ያለውን ተዳፋት ሊያይ ወጣ፤ እኔም መዝገቤን ይዤ ተከተልኩ። እማማ ምንጭ ከፊት ከፊት ሄዱ፤ ሣሩን እየገለጡ፣ አፈሩን እያሹ፣ አንዴ ተቀምጠው እየተነሡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዱላቸውን አንድ ቦታ ተከሉ።

«እዚህ» አሉ።

ኢንጅነሩ ሜትሩን ዘረጋ። «እርግጠኛ ነዎት እማማ?»

«እርግጠኛማ ባለፈውም ነበርኩ» አሉ፤ «አንተም ነበርክ። ይልቅ ቀለምህን አምጣ።»